መምህር ሉካስና ባለ 39 አኃዙ ቁጥር

በዚህ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የስመ ጥር ሰዎችን ታሪክ ስናወጣ ብዙውን ጊዜ የምንመርጠው በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ወንበር ይዘው የኖሩትን ነው። ዛሬ ግን የሥራ ዘመኑን አብዛኛውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጠመኔ በእጁ ይዞ ያሳለፈ ሰው እናቀርብላችኋለን። ስሙ ኤድዋርድ ሉካስ ይባላል፤ አገሩ ፈረንሳይ ነው። ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛም ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል የምንገባ ነንና የሙያ ጓደኛችንን ታሪክ ማወቅ አይከፋም ብለን ነው።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት አንድ ቁጥር እንጻፍ፦

170 141 183 460 469 231 731 687 303 715 884 105 727

አኃዞቹን ቁጠሯቸው፤ 39 ናቸው። ይህ ቁጥር 127 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከሚገኘው ላይ 1 ሲቀነስ የሚመጣው ነው። ባጭሩ 2¹²⁷−1 ብለን እንጽፈዋለን። ሉካስ በ1876 ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብቸኛ ቁጥር ማለት፣ ሁላችንም እንደምናስታውሰው፣ ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይሄዳል።

አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ለተማሪዎች የምናስተምረው ዘዴ የታወቀ ነው። በ2 አካፍሉ፣ በ3 አካፍሉ፣ በ5፣ በ7 እያላችሁ እስከ ስኩዌር ሥሩ ድረስ ሂዱ፤ አንዱም እኩል ካላካፈለው ብቸኛ ነው እንላለን። ለ127 ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7ና 11ን ሞክሮ መተው ነው። ለባለ 39 አኃዙስ? የሱ ስኩዌር ሥር 13 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ገደማ ነው። በየሴኮንዱ አንድ አካፋይ ብንሞክር 400 ቢሊዮን ዓመት ግድም ይፈጅብናል። ቁጥሩ አካፋይ ካለው ያ አካፋይ በ254 ሲካፈል 1 የሚተርፈው መሆን እንዳለበት ከፌርማ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። በዚህ አቋራጭ ብንሄድም እንኳ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይቀረናል። ታዲያ ይህ ሰው፣ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን፣ እንዴት ሊያውቅ ቻለ?

ሉካስ የተወለደው ኤፕሪል 4 ቀን 1842 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በአሚያን ከተማ ነው። ከፍተኛ ትምህርቱን በፓሪስ በኤኮል ኖርማል ተከታተለ። ይህ ትምህርት ቤት በ1794 በአብዮቱ ዘመን ሲቋቋም ዓላማው መምህራንን ማሠልጠን ስለነበረ ሉካስ ከእኛ ተቋም የሩቅ ዘመድ ቤት የወጣ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከዚያ በኋላ በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ተቀጠረ። የዚያ ቤት አለቃ ኔፕቱን የተባለችው ፈለክ የት እንዳለች በስሌት ብቻ የጠቆመው ለቬሪዬ ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ሲገጥሙ ደግሞ ሉካስ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ዘመተ።

መድፍ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ቀደም ባሉት ዘመናት የመድፍ ጥይት ድቡልቡል ብረት ነበርና እንደ ፒራሚድ ይከመር ነበር፤ ከላይ 1፣ ከሥሩ 4፣ ከዚያ ሥር 9፣ ከዚያ 16። ክምሩን አፍርሰን ጥይቶቹን ሁሉ መሬት ላይ አንድም ሳይተርፍ በእኩል ጎን አራት ማዕዘን ማስተኛት የምንችለው ስንት ደርብ ሲኖረው ነው? ሉካስ በ1875 ይህን ጥያቄ ለሒሳብ ሰዎች አቀረበ፤ ከ1 ጥይት በስተቀር መልሱ 24 ደርብ፣ 4900 ጥይት፣ ይኸውም 70 በ70 ብቻ ነው ብሎም አመነ። ትክክል ነበር፤ የተሟላ ማረጋገጫ የተገኘለት ግን በ1918 ነው። ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠይቆ ሰውን 40 ዓመት ማስጨነቅ የሉካስ ጠባይ ነው።

ጦርነቱ በፈረንሳይ ሽንፈት ካበቃ በኋላ ሉካስ ማስተማር ጀመረ። በመጀመሪያ ሙላን በምትባል የአውራጃ ከተማ፣ ኋላም በፓሪስ በሻርለማኝና በሴን ሉዊ ሊሴዎች አስተማረ። ሊሴ ማለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ ወንበር አላገኘም። ያጠናው የነበረው የቁጥሮች ጠባይ በዚያ ጊዜ በፈረንሳይ ሊቃውንት ዘንድ እምብዛም ተፈላጊ አልነበረም። እሱ ግን ቀን ሲያስተምር ውሎ በተረፈው ሰዓት ከቁጥሮቹ ጋር ይታገል ነበር። እንደሚነገረው ተማሪዎቹ የሚወዱት፣ ጨዋታ አዋቂ መምህር ነበር።

አሁን ወደ ቁጥራችን እንመለስ። በ1644 መርሰን የተባለ በፓሪስ የሚኖር መነኩሴ ስለ 2ⁿ−1 ዓይነት ቁጥሮች አንድ ዝርዝር አሳተመ። n እስከ 257 ድረስ ቢሆን ቁጥሩ ብቸኛ የሚሆነው ለ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127ና 257 ብቻ ነው አለ። እንዴት እንደደረሰበት አልገለጸም። እነዚህን ቁጥሮች ሰው የሚፈልጋቸው በከንቱ አይደለም፤ ከኤውክሊድ ጀምሮ እንደሚታወቀው እያንዳንዳቸው አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳሉ። ፍጹም ቁጥር እንደ 6ና 28 ያለ፣ ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው። በ1772 ታላቁ ኦይለር 2³¹−1፣ ማለትም 2 147 483 647፣ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ ባለ 10 አኃዝ ነው። የመርሰንን ዝርዝር ከዚያ በላይ መፈተሽ ግን ከባድ ሆነ፤ ምክንያቱም ዘዴው አሁንም ማካፈል፣ ማካፈል፣ ማካፈል ነበረ።

ሉካስ ማካፈሉን ተወው። የቁጥሩን አካፋይ ከመፈለግ ይልቅ ቁጥሩን በሙሉነቱ አንድ ጥያቄ እንጠይቀው አለ። ጥያቄውን ያገኘውም ሁላችንም ከምናውቀው ድርድር ነው፦ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55 ... እያንዳንዱ የቀደሙት የሁለቱ ድምር ነው። የፒዛው ሌዎናርዶ በ1202 ስለ ጥንቸሎች ርቢ ሲጽፍ ያነሣው ነው። ድርድሩን የፊቦናቺ ድርድር የሚለውን ስም አውጥቶ ያስለመደው ራሱ ሉካስ ነው። ከጎኑም አንድ ወንድም ድርድር አቆመለት፦ 1፣ 3፣ 4፣ 7፣ 11፣ 18፣ 29፣ 47 ... ደንቡ ያው ነው፤ መነሻው ብቻ ተለወጠ። ይህ ሁለተኛው ዛሬ የሉካስ ቁጥሮች ይባላል።

በፊቦናቺ ድርድር ላይ 7ን እንከተል። ድርድሩን እየቆጠርን ስንሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ በ7 እኩል የሚካፈለው 21 ነው፤ እሱም 8ኛው ነው። 11ን ብንከተል 55 ላይ፣ በ10ኛው፣ ያርፋል። 13 በ7ኛው፣ 17 ደግሞ 34 ላይ፣ በ9ኛው፣ ያርፋሉ። አስተዋላችሁ? 8 ማለት 7+1 ነው። 10 ማለት 11−1 ነው። 7 የ13+1 ግማሽ ነው፤ 9ም የ17+1 ግማሽ ነው። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፦ ከ5 በስተቀር የማንኛውም ብቸኛ ቁጥር የመጀመሪያ ማረፊያ ከቁጥሩ 1 የሚያንሰውን ወይም 1 የሚበልጠውን እኩል ያካፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ማረፊያው ከቁጥሩ ከ1 በላይ ሊርቅ አይችልም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙልን፤ ዋናው ቁልፍ እሱ ነው።

ዘዴውን በትንሹ ቁጥር፣ በ2⁷−1 ማለትም በ127፣ እንይ። በ3 እንነሣለን። ደንቡ ቁጥሩን በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ ውጤቱን በ127 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ የሚል ነው። 1ኛው 3። 2ኛው 9−2፣ 7። 3ኛው 49−2፣ 47። 4ኛው 47 በ47 ሲቀነስ 2፣ 2207፤ በ127 ሲካፈል ቀሪው 48። 5ኛው 48 በ48 ሲቀነስ 2፣ 2302፤ ቀሪው 16። 6ኛው 16 በ16 ሲቀነስ 2፣ 254። 254 ደግሞ 127 እጥፍ ነው፤ ቀሪው ባዶ! በ6ኛው እርምጃ፣ ማለትም ከ7 በ1 በሚያንሰው፣ ባዶ ወጣ። 127 ብቸኛ ነው ማለት ነው። አንድም አካፋይ አልሞከርንም።

ታዲያ ባዶ መውጣቱ ለምን ማስረጃ ይሆናል? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን። 3፣ 7፣ 47፣ 2207 የወንድም ድርድሩ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 8ኛ፣ 16ኛ ናቸው፤ በየእርምጃው ቦታው እጥፍ ይሆናል። 6ኛው እርምጃ 64ኛው ቦታ ላይ ያደርሰናል። በፊቦናቺ ድርድር ደግሞ እጥፍ ቦታ ላይ ያለው ቁጥር የሁለቱ ወንድማማቾች ብዜት ነው፤ ለምሳሌ 4ኛው ፊቦናቺ 3፣ 4ኛው ሉካስ 7፣ ብዜታቸው 21፤ እሱም 8ኛው ፊቦናቺ ነው። እንግዲያው 127 64ኛውን ሉካስ ካካፈለ 128ኛውንም ፊቦናቺ ያካፍላል። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቦታ ላይ ከ2 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ግን 127ም ሆነ የ127 ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ 64ኛውን ፊቦናቺ አያካፍልም። የመጀመሪያ ማረፊያ የኋለኞቹን ማረፊያዎች ሁሉ ያካፍላል፤ 128ን የሚያካፍል 64ን ግን የማያካፍል ቁጥር ራሱ 128 ብቻ ነው። ስለዚህ 127 ብቸኛ አካፋይ ካለው የዚያ አካፋይ የመጀመሪያ ማረፊያ 128 ነው። ማረፊያው ከቁጥሩ ከ1 በላይ አይርቅም ብለን አልነበረም? እንግዲያስ ያ አካፋይ ከ127 አያንስም። ከ127 የማያንስ የ127 አካፋይ ራሱ 127 ብቻ ነው። አለቀ።

ይህን ማረጋገጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሠራን ቀን፣ ቁጥር ሳንቆራርስ የቁጥሩን ምሥጢር ማወቃችን እውነት አልመስለን ብሎ ሁለቴ ደግመነዋል።

የማይሠራበትንም እንይ፤ ምርመራ ሁልጊዜ እሺ የሚል ከሆነ ምርመራ አይደለም። 2¹¹−1 2047 ነው። ከ3 ተነሥተን በዚያው ደንብ ብንሄድ 3፣ 7፣ 47፣ 160፣ 1034፣ 620፣ 1609፣ 1471 ይመጣል፤ ቀጥሎ እንደገና 160! ከዚያ ወዲያ ያው 5 ቁጥር ይዞራል እንጂ ባዶ ከቶ አይወጣም። ስለዚህ 2047 ብቸኛ አይደለም። እውነትም 23 በ89 ነው፤ ምርመራው ግን 23ንም 89ንም አላሳየንም። አካፋይ እንዳለው ነገረን፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገረንም።

ለ2¹²⁷−1 የሚደረገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ 6ኛው ሳይሆን 126ኛው እርምጃ ላይ ባዶ መውጣት አለበት። 125 ጊዜ ባለ 39 አኃዝ ቁጥርን በራሱ ማባዛት፣ 125 ጊዜ ባለ 70 እና ከዚያ በላይ አኃዝ ውጤትን ማካፈል! አንዲት ስሕተት ብትገባ ሁሉም ከንቱ ነው። ሉካስ ለዚህ ብልሃት ነበረው፤ 127 በ127 የሆነ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ገበታ ላይ በጠጠር መሥራት እንደሚቻል ገልጾአል። ቁጥሩ በሁለት መሠረት ይጻፋል፤ ጠጠር ያለበት ቤት 1፣ የሌለበት ባዶ ነው።

ብልሃቱን በባቄላ ሞክረነዋል። ለ127 7 ቤት ይበቃል፦ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ከ64 አልፎ 128 የሚሆን ባቄላ ቢመጣ 128 ማለት 127+1 ነውና 127ቱን ጥለን ባቄላውን ወደ 1 ቤት እንመልሰዋለን። በቃ፣ ማካፈል የለም! ከላይ ያገኘነው 2207 17 ጊዜ 128 እና 31 ነው፤ 17ን መልሰን ከ31 ጋር ብንደምር 48። በ127 ብናካፍለውም ቀሪው ያው 48 ነበር። የ2ⁿ−1 ቁጥሮች ከሌሎች የሚለዩበት አንዱ ባሕርይ ይህ ነው፤ ጥለው የሚሄዱት ነገር የለም፤ በግራ የወጣው በቀኝ ይገባል።

በዚያው በ1876 ሉካስ ሌላም ነገር ተናገረ፤ እኛን ከሁሉ ይልቅ የገረመን እሱ ነው። መርሰን ብቸኛ ያለው 2⁶⁷−1 ብቸኛ አይደለም አለ። ባለ 21 አኃዝ ነው፤ 147 573 952 589 676 412 927። አካፋዮቹ እነማን ናቸው ብሎ ለሚጠይቀው የሚያሳየው አልነበረውም። ምርመራው ባዶ አልሰጠም፣ ስለዚህ ብቸኛ አይደለም፤ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም። ከ200 ዓመት በላይ የኖረን ዝርዝር አንድ የሊሴ መምህር፣ እማኝ ሳያቀርብ፣ ሐሰት ነው ይላል። 27 ዓመት አለፈ፤ ሉካስም ሞተ። በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193 707 721ና 761 838 257 287 ሲባዙ ያንኑ ቁጥር እንደሚሰጡ በኒው ዮርክ በተደረገ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ አሳየ። የፈለገ ማባዛት ይችላል፤ እኛ አባዝተነዋል፤ አንድ ሙሉ ገጽ ይፈጃል።

የመርሰን ዝርዝር ሌላም ጉድ ወጣበት። 61፣ 89ና 107 መግባት ሲገባቸው ቀርተዋል። 61ን በ1883 ያገኘው ፔርቩሺን የተባለ የሩሲያ ቄስ ነው። 257 ደግሞ መግባት አልነበረበትም።

እዚህ ላይ የሉካስን ስም ከፍ እናደርጋለን ብለን እውነቱን አንደብቅም። ያሳተማቸው ማረጋገጫዎች በየቦታው ክፍተት ነበረባቸው፤ የሚቸኩል ሰው ነበር፤ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል። 2¹²⁷−1ን ፎከምበርግ የተባለ ፈረንሳዊ በ1914 እንደገና አስልቶ ያው ብቸኛ ሆኖ አገኘው። ክፍተቱን አሜሪካዊው ሌመር በ1930 ዘጋው፤ ከ3 ይልቅ በ4 ብንነሣ ምርመራው ከ2 በስተቀር ለማንኛውም ብቸኛ n እንደሚሠራ አሳየ። በ3 ስንነሣ የሚሠራው n በ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፈው ብቻ ነውና፤ 7፣ 67ና 127 እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ ዘዴው ዛሬ የሉካስና የሌመር ምርመራ ይባላል። ክፍተት ነበረበት ማለት ግን መልሱ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም።

ቁጥሩ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ 75 ዓመት ቆየ። በ1951 ፌርዬ የተባለ ፈረንሳዊ በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ባለ 44 አኃዝ አገኘ። በዚያው ዓመት ኮምፒዩተር መጣና ውድድሩ የሰው መሆኑ ቀረ። በመሣሪያ ሳይታገዙ በእጅ ብቻ ከተረጋገጡት ግን የሉካስ እስከ ዛሬ ትልቁ ነው።

ስለ ቁጥሩ ባሕርይ አንድ ነገር እንጨምር። በ2 ጀምሩ። 2²−1 3 ነው። 2³−1 7 ነው። 2⁷−1 127 ነው። 2¹²⁷−1 የኛው ቁጥር ነው። ሁሉም ብቸኞች! ካታላን የተባለው ሊቅ ይህን ሰንሰለት በዚያው በ1876 አስተውሎ የሚቀጥለውስ ብሎ ጠየቀ። የሚቀጥለው ባለ 39 አኃዙን ቁጥር ርቢ አድርጎ 2ን ከራሱ ጋር ማባዛትና 1 መቀነስ ነው። አኃዞቹ ራሳቸው ከ50 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ለመጻፊያ የሚበቃ ወረቀት በዓለም የለም። ብቸኛ መሆን አለመሆኑ አልታወቀም።

ሉካስን ከሒሳብ ሰዎች ውጭ ያስጠራው ግን መጫወቻ ነው። በ1883 ፓሪስ ላይ 3 ዘንግና ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ ክብ ሳንቃዎች ያሉት የሃኖይ ግንብ የሚባል መጫወቻ ለሽያጭ ወጣ። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ትልቁን በትንሹ ላይ ሳያስቀምጡ፣ ወደ ሌላ ዘንግ ማዛወር ነው። የፈጠረው ክላውስ የሚባል የሲያም አገር መምህር ነው ተብሎ ተጻፈበት። ይህን ቀልድ ለመረዳት በፈረንሳይኛ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የክላውስ ዘ ሲያምን ፊደሎች ብትገለባብጧቸው የአሚያኑ ሉካስ ይሆናሉ። ያስተምርበታል የተባለውም የሩቅ ምሥራቅ ኮሌጅ ስም ፊደሎቹ ሲገለባበጡ ሴን ሉዊ ይሆናል፤ የራሱ ሊሴ! ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደሳቁ መገመት አያቅትም።

ቀልዱን ትተን ግንቡን እናስተውለው። 1 ሳንቃ በ1 እርምጃ፣ 2 ሳንቃ በ3፣ 3 ሳንቃ በ7፣ 5 ሳንቃ በ31፣ 7 ሳንቃ በ127 ይዛወራል። ለ n ሳንቃ 2ⁿ−1 እርምጃ! ያ ባለ 39 አኃዝ ቁጥር 127 ሳንቃ ያለውን ግንብ ለማዛወር የሚያስፈልገው እርምጃ ነው። ከመጫወቻው ጋር ባወጣው ተረት ካህናት 64 የወርቅ ሳንቃ ሲያዛውሩ ይኖራሉ፤ ሲጨርሱም ዓለም ያልፋል። በሴኮንድ አንድ ቢያነሡ ወደ 585 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነውና የሚያሳስብ አይደለም። ሉካስ በክፍል ውስጥ ጨዋታ፣ በሌሊት ከባድ ሒሳብ ይሠራ ነበር ብለን ሁለት ሰው ልናደርገው አስበን ነበር፤ አሁን ስናየው ግን የሚያጫውተውና የሚያጠናው አንድ ነገር ነው። ከ1882 ጀምሮ ያሳተማቸው የሒሳብ መዝናኛ መጻሕፍቱ 4 ቅጽ ሆኑ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የታተሙት ከሞተ በኋላ ነው።

አሟሟቱ ያሳዝናል፣ ያስገርማልም። በ1891 የፈረንሳይ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር ጉባኤውን በማርሴይ አደረገ፤ ሉካስም ተገኘ። በግብዣው ላይ አንድ አስተናጋጅ የያዘው የሸክላ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ስባሪው ተፈናጥሮ የሉካስን ጉንጭ ቆረጠው። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን አመረቀዘና ብርቱ የቆዳ ብግነት ሆነበት። ፔኒሲሊን ገና ያልታወቀበት ዘመን ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 1891 በ49 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። ስለ ቁጥሮች ጠባይ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ የመጀመሪያው ቅጽ በዚያው ዓመት ታትሞ ነበር። ሁለተኛው አልታተመም።

የሱ ምርመራ ግን ሥራ አልፈታም። በኦክቶበር 2024 የተገኘው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹−1 41 024 320 አኃዝ አለው። ብቸኛ መሆኑ በመጨረሻ የተረጋገጠው በዚሁ በሉካስና በሌመር ዘዴ ነው፤ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ ቀሪውን ያዙ። ኮምፒዩተሩም ከግራ የወጣውን በቀኝ ያስገባል።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። 19 በ4 ሲካፈል 3 ይተርፈዋልና ለ2¹⁹−1፣ ማለትም ለ524 287፣ በ3 ተነሥቶ መሥራት ይቻላል። 17 ጊዜ ማባዛት ነው፤ 18ኛው እርምጃ ባዶ መሆን አለበት። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩት፣ አንዱ ሲያሰላ ሌላው ቢያርም፣ ይሻላል። እኛ በመጀመሪያው ሙከራችን 11ኛው ላይ ተሳስተን ባዶው ሳይወጣልን ቀርቶ ከመነሻው ጀምረናል። የሠራችሁትን ከነስርዝ ድልዙ ለጥፉት።